የመውደቅ ሙያ

ነስሮን የማታውቀው ከሆነ፣ ለገሃሬ ወርደህ ጠይቅ፤
«የትኛው ነስሮ?» ቢሉህ፣ «የሚሞተው» በል፣ አትሳቀቅ።
በአስራ አንድ ፊልም፣ አስራ አንዴ ሞቷል፤
አንዱን ሞት ልጁ አይቶ፣ ሦስት ቀን አኩርፏል።

እኔ ያኔ በር ላይ ነበርኩ፣ ገንደቆሬ ቪዲዮ ቤት፣
ሃምሳ ሳንቲም ተቀባይ፣ ከቆርቆሮው ሙቀት ፊት ለፊት።
ውስጥ ሰማንያ ሰው፣ አንድ ማራገቢያ፣
ክንፉ የተሰበረ፣ የዝንብ መሳፈሪያ።
ቻይናው በቻይንኛ ሲምል፣ ሲገዘት፣
ጋሽ ሽኩር ቆሞ ይተረጉማል፣ ጉንጩ ሙሉ ጫት፦
«ይሄ ሰውዬ የመጣው፣ የአባቱን ገዳይ ፍለጋ ነው።»
ቻይንኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ ገዳዩን ግን አንዴም አልሳተው።

ነስሮ ወንበር አይፈልግም፤ መሬት ነው፣ ከቴሌቪዥኑ ሥር፣
ሌላው አሸናፊውን ሲያይ፣ እሱ የሚወድቁትን ሲቆጥር።
«አየኸው?» ይለኛል ስንወጣ፣ «ያን ባለቀይ ሸሚዝ፣ ሲመታ?
ትከሻው ነው ቀድሞ የነካው፤ ጭንቅላቱን እንዴት እንዳወጣ!»
«አቦ፣ ዋናውን እኮ አላየህም!» እለዋለሁ።
«ዋናውማ ቆሞ ነው የሚውል፤ እኔ ሥራ ያለበትን አየሁ።»

ደቻቱ ሲደርቅ አሸዋው፣ የሱ ትምህርት ቤት ሆነ፤
ከድልድዩ ጥግ እየዘለለ፣ በአፍንጫው አሸዋ ዘገነ።
ልብሱን ዑመሬ ሰፋለት፣ ታይዋን፣ ከእርዳታ ዱቄት ከረጢት፤
ጀርባው ላይ «ለሽያጭ አይደለም» ይላል፣ በማይለቅ ሰማያዊ ጽሕፈት።
ጽሕፈቱም አልዋሸ። ቆይቶ አዲስ አበባ ሲወጣ፣
በቀን መቶ ብር፣ ምሳ በራስህ፤ አጥንትም የራስህ ጣጣ።

ስሙን ፖስተሩ ላይ ፈልገን፣ ፖስተሩን ገልብጠን አጣን፤
በመጨረሻ፣ ሰው ተነስቶ መብራት ሲበራ፣
«ሌሎችም» ከሚለው ቃል ውስጥ አገኘን።

እናቱ አዴ ሚስኪ፣ አንዴ ብቻ ሲኒማ ገባች፤
ልጇ ከጎኗ ተቀምጦ፣ እጁን በእጇ ይዛ ነበረች።
ሸራው ላይ ከሰገነት ሲወረወር ባየች ጊዜ፣
እጁን ለቃ ሮጠች፣
ከጎኗ ያለውን ልጅ ትታ፣ የሚወድቀውን ልትይዝ።
ከዚያ ወዲያ አልገባችም። «አንዱ ይበቃኛል» አለች።

አስራ ሁለተኛው ፊልም አልወጣም።
ሦስተኛ ፎቅ። ይነጠፋል የተባለው ፍራሽ አልመጣም።
አዘጋጁ ሰዓቱን አየ፣ ፀሐይዋ እያመለጠችው፤
ነስሮን ደግሞ «እሺ» የምትል ቃል ናት፣ ሁልጊዜ የምትጥለው።
ዳሌው እንደ ቅርንጫፍ ሲሰበር፣ የሰማው ድምፅ ቀጂው ነበር፤
ሌላው አጨበጨበ፣ ጥሩ ተጫውቶ መስሎት ነበር።
ከኋላ ወንበር እንደ ዕቃ ተጋድሞ፣ በሌሊት አውቶቡስ ወረደ፤
የደንገጎን ጠመዝማዛ ሲይዙ፣ «ይሄም መውደቅ ነው» ብሎ ቀለደ።

አሁን ሙቀቱ ሳይነሳ፣ ደቻቱ አሸዋ ላይ ታገኘዋለህ፣
ምርኩዙን እንደ አለንጋ ይዞ። «አገጭ ደረት ላይ! ትንፋሽህን አውጣ፣ አንተ ልጅ፣ ወዴት ታያለህ?»
አንድ ዓይኑ ልጆቹ ላይ፣ አንድ ጆሮው ወደ ተራራው፣ ወደ ላይ፤
ደቻቱ ጎርፉ ሳይነግር ነው የሚመጣ፣ ሰማዩ እንዲህ ጠርቶ ሲታይ።
ቡጢ አያስተምርም። «እሱን ሠፈራችሁ ያስተምራችኋል።»

እኔን ምንም አላስተማረኝም። ቲኬት ቆራጭ ነበርኩ።
ባለፈው ሳምንት ግን፣ አሸዋ ገበያ፣ የፓፓያ ልጣጭ ረገጥኩ።
ሰማንያ ኪሎ፣ ስኳር በሽታ ያለበት፣ ስድሳ የተጠጋ ገላ፣
አገጬ ደረቴን አገኘ፤ ትከሻዬ ነካ፤ ዳሌዬ በኋላ።
ሎሚዬ እስከ ባጃጆቹ ተበተነ።
«ወርያ፣ ተረፍክ?» አለችኝ ነጋዴዋ። አንድ ሕፃን አጨበጨበ።
ወዲያው መነሳት እችል ነበር። ግን እዚያው ተጋድሜ ቆየሁ፤
ሰው ሁሉ ተነስቶ፣ መብራት በርቶ፣
«ሌሎችም» እስኪጻፍ ጠበቅሁ።